መቅረዙን የት እናቁም?

ከሐረር ቤቶች ለልደት ምሽት የተገኘ ትምህርት

የልደት በዓል ሲቃረብ በየቤቱ ያለው ሽርጉድ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ግድግዳው ይጸዳል፣ መጋረጃው ይታጠባል፣ ስኒውና ረከቦቱ ከተቀመጡበት ይወርዳሉ፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ቀጤማው ከገበያ ይመጣል። በሐረር ለሚኖሩ ምእመናን ደግሞ የታኅሣሥ ወር ከሌላው ወር ይልቅ የእንግዳ ወር ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ከየአገሩ የሚመጣው ዘመድ ከበዓሉ መልስ ወደ ሐረር ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። እርሱ ተሸኝቶ ቤቱ ሳይበርድ፣ ከዐሥር ቀን በኋላ ልደት ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ዝግጅት መካከል ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። እርሱም እንግዳውን የምናይበት ብርሃን ነው።

አንድ ቤተሰብ በዐይነ ኅሊናችን እንሳል። ቤቱ የሚገኘው በሐረር ከተማ፣ ከጁገል ግንብ ውጭ ባለው አዲሱ ሰፈር ነው። በሳሎኑ መካከል ከጣሪያው ላይ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። ብርሃኑ የሶፋውን መደገፊያ፣ የቡፌውን መስታወት፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ እኩል ያበራል። የቤቱ ታላቅ የሆኑት አያት በጥግ ባለችው ወንበራቸው ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይከፍታሉ፤ ጥቂት ቆይተውም ይዘጋሉ። «ዐይኔ ደክሟል ልጄ፣ እስቲ አንተ አንብብልኝ» ይላሉ። ልጆቹ ለበዓሉ በወለል ላይ የሚቆም ባለ እግር መብራት ለመግዛት ተስማምተዋል። አንዷ ወርቃማ ይሁን ትላለች፣ ሌላው ረጅምና ባለ ሦስት ቅርንጫፍ ይሁን ይላል፣ አባትም ከቴሌቪዥኑ ጎን ቢቆም ያምራል ባይ ናቸው። አያትን የጠየቀ ግን የለም። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ባለ እግር መብራት ሲገዛ በቅድሚያ የሚጠየቀው ጥያቄ «የቱ ያምራል?» የሚለው ሳይሆን «ለማን ያበራል?» የሚለው ነውና።

መቅረዝ የእንግዳ ዕቃ ነው

ባለ እግር መብራት የዘመናችን ፈጠራ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን ስሙን እንጂ ግብሩን አልለወጠም። በቅዱሳት መጻሕፍት «መቅረዝ» ተብሎ የሚጠራው ዕቃ መብራትን ከወለል ከፍ አድርጎ የሚሸከም እግር ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ ሱነማዊቷ ሴት በደጃቸው ለሚያልፈው ለነቢዩ ኤልሳዕ በሰገነት ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል ስታዘጋጅ ያስገባችላቸው ዕቃዎች አራት ብቻ ናቸው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ። ይህች ባለጸጋ ሴት ብዙ ዕቃ ማስገባት ሳትችል ቀርታ አይደለም። ለእንግዳ የሚያስፈልገውን ለይታ በማወቋ ነው። መኝታው፣ ማዕዱና መቀመጫው ከተሟላ በኋላ አራተኛው ብርሃን ሆነ።

ስለ ቦታውም ቢሆን ትምህርት የሚሆነን አለ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 ከንጹሕ ወርቅ የተሠራው፣ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ቅርንጫፎች ያሉት ባለ ሰባት መብራት መቅረዝ ተገልጿል። በምዕራፍ 40 ደግሞ ይህ መቅረዝ በድንኳኑ በደቡብ ወገን፣ ከገበታው ትይዩ እንደ ቆመ እናነባለን። መብራቱ የቆመው በድንኳኑ መካከል ሳይሆን በጎን ነው፤ ያበራ የነበረውም ፊት ለፊቱ ላለው ስፍራ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያለውን የመብራትና የእንቅብ ምሳሌም የማያውቅ ምእመን የለም። በዚያ ዘመን የነበረውን ባለ አንድ ክፍል ቤት ላሰበ ሰው ምሳሌው ከመንፈሳዊ ትርጉሙ ሌላ የቤት አያያዝ ዕውቀትም እንዳለበት ይገለጥለታል። ብርሃን በቤት ላሉት ሁሉ የሚደርሰው በትክክለኛው ከፍታ ላይ ሲቀመጥ ነው።

በጁገል ቤት ውስጥ

ይህን ነገር በዐይን ማየት የሚሻ ሰው ወደ አሮጌው የሐረር ከተማ፣ ወደ ጁገል ቢገባ ጥሩ አስተማሪ ያገኛል። ጁገል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በተሠራው ግንብ የተከበበች፣ በአምስቱ ታሪካዊ በሮቿ የምትታወቅ፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረች ከተማ ናት። በመካከሏ ባለው በፈረስ መጋላ አደባባይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከአደባባዩ በሚወጡት ጠባብ መንገዶች ውስጥ፣ ከድንጋይ አጥሮቹ ጀርባ ደግሞ ሐረሪዎች «ጋር» የሚሏቸው ቤቶች አሉ። የባህሉን ቤት አሠራር ለማየት የሚፈልግ ጎብኚ በጁገል ውስጥ የሚገኘውን የሐረሪ የባህል ቤት ሙዚየም ማየት ይችላል።

በሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ወንበር አይደረደርም። ከወለሉ ጋር አብረው የተሠሩ፣ በቀይ አፈር የተቀቡ፣ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ። መደቡ በሐረሪ ቋንቋ «ነደባ» ይባላል። እያንዳንዱ ነደባ የየራሱ ስምና ክብር አለው። በሩንና የሚገባውን ሰው ለማየት በሚያመቸው በአሚር ነደባ ላይ የቤቱ ባለቤት ይቀመጣል። ጊዲር ነደባ ትልቁ፣ ጢት ነደባ ትንሹ ነው። ከበሩ ጀርባና በስውሩ ጥግም ሌሎች ነደባዎች አሉ። በነጩ ግድግዳ ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥባቸው መስኮት መሰል ጉድጓዶች ተቀርጸዋል፤ ከዚያ በላይ ባለቀለሙ ስፌት በሥርዓት ተሰቅሏል። ጣሪያው ከተደረደረ እንጨት የተሠራ ነው። ቀን ቀን ለዚህ ክፍል ዋናው የብርሃን ምንጭ በሩ ነው። ብርሃን ከጎን ገብቶ በቀዩ ወለል ላይ ይንሸራተታል፣ ነጩን ግድግዳ ይነካል፣ ከዚያም በተቀመጡት ሰዎች ፊት ላይ ያርፋል።

እንግዲህ በዚህ ክፍል መካከል ከጣሪያው ላይ ነጭ ሸምበቆ መብራት ቢሰቀል ምን ይሆናል? የመደቦቹ ከፍታ ልዩነት ይጠፋል። የተሰቀለው ስፌት ጥላውን ቁልቁል ይጥላል። የተቀመጠው ሰው የዐይኑ ጉድጓድ ይጨልማል፤ ግንባሩ ብቻ ያበራል። ቤቱ የተሠራው ዝቅ ብለው ለሚቀመጡ ሰዎች ሲሆን ብርሃኑ ግን ቆመው ለሚሄዱ ሰዎች የተዘጋጀ ይሆናል። ቀድሞ ኩራዙም ሆነ ፋኖሱ በግድግዳው ጉድጓድ ወይም በመደቡ ጠርዝ ሲቀመጥ፣ ብርሃኑ ትንሽ ቢሆንም ከሰው ፊት ጋር ትይዩ ነበር። ኤሌክትሪክ ብርሃኑን ቢያበዛልንም ቦታውን ወደ ጣሪያ ወሰደብን። ባለ እግር መብራት የጎደለውን የሚመልሰው ብርሃኑን ከጣሪያ አውርዶ እንደገና ከሰው አጠገብ በማቆም ነው።

በአዲሱ ሰፈር፣ በድሬዳዋም ሆነ በአዲስ አበባ ያለው ሳሎን ሶፋና ቡፌ እንጂ ነደባ የለውም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ሰው በቤቱ ውስጥ የሚውለውና የሚያመሸው ተቀምጦ ነው።

ከጣሪያው ወደ ትከሻ

አያት «ዐይኔ ደክሟል» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ የዐይኑ ብሌን ይጠብባል፣ ሌንሱም ወደ ቢጫነት ይለወጣል። የዐይን ሳይንስ እንደሚያስረዳው በ60 ዓመት ሰው የዐይን ውስጠኛ ክፍል ላይ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዐይን ከሚደርሰው ሲሶ ያህሉ ነው። ስለዚህ ለልጅ የበቃ ብርሃን ለአያት አይበቃም።

መፍትሔው ግን የግድ ትልቅ አምፖል መግዛት አይደለም። በተፈጥሮ ሕግ መሠረት ከአንድ አምፖል የሚወጣ ብርሃን ከምንጩ ያለው ርቀት በግማሽ ሲያጥር ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሁለት ሜትር ርቀት ከጣሪያ ላይ ሆኖ መጽሐፍ የሚያበራ አምፖል ከመጽሐፉ በግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጥ በገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 16 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። አምፖሉ ያው፣ ቆጣሪው የሚቆጥረውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። እንግዲህ ከወርቃማውና ከባለ ቅርንጫፉ ይልቅ ከአያት ወንበር ኋላ፣ ከትከሻቸው አጠገብ የሚቆም ተራ መብራት ይበልጣል። የተከፈተው መጽሐፍ በጥላ እንዳይሸፈን መብራቱ ከጎንና ትንሽ ከኋላ ይሁን። በቀኝ እጇ ጥልፍ ለምትጠልፍ ወይም ለሚጽፍ ተማሪ ደግሞ ከግራ በኩል ቢመጣ የእጅ ጥላ ሥራውን አይጋርድም።

ቁመቱና እግሩ

የመብራቱን ቁመት ለመወሰን ሜትር ከመያዝ በፊት በሚቀመጡበት ስፍራ መቀመጥ ይሻላል። የቆቡ የታችኛው ጠርዝ ከተቀመጠው ሰው ዐይን ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ከዚያ ከፍ ካለ እርቃኑን ያለው አምፖል ዐይን ይወጋል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ብርሃኑ ወለሉን ብቻ ያበራል። በተለመደው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዐይኑ ከወለሉ 1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ግድም ላይ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ መብራት ለሶፋና ለወንበር ይስማማል። በመደብ ወይም በፍራሽ ላይ ለሚቀመጥ ቤተሰብ ግን ይህ ቁመት ይረዝማል። በዚህ ጊዜ የዐይን ከፍታ ከመቀመጫው ላይ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን አጭር እግር ያለውን መምረጥ ወይም አናጺ ዘንድ ሄዶ በልክ ማሠራት ይገባል። ቀጥ ያለ የእንጨት እግር ማሠራት ለሠለጠነ አናጺ ከባድ ሥራ አይደለም።

እግሩ የሚመዘነው በመልኩ ሳይሆን በክብደቱ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የላይኛውን ጫፍ በአንድ ጣት ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ተመልሶ ከቆመ ጥሩ ነው። ከተንገዳገደ ግን በበዓል ቀን፣ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ቤት ውስጥ መቆሚያ የለውም። ሰፊና ከባድ መሠረት ያለው፣ ወይም ሦስት እግሩ ተዘርግቶ የሚቆም ይመረጥ። ሁልጊዜም ከመተላለፊያ ራቅ ብሎ በጥግ ይቁም። በጥግ መቆሙ ሌላም ጥቅም አለው። ነጭ ግድግዳ የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ስለሚመልስ፣ በሁለት ግድግዳዎች መገናኛ የቆመ አንድ መብራት ክፍሉን በለሰለሰ ብርሃን ይሞላዋል።

ብርሃንን ዝቅ የሚያደርገው ቆብ

በብዙ ቤት እንዲህ ያለው መብራት በሞላው «አባጁር» ሲባል ይሰማል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን በትክክል የሚያመለክተው ከላይ የሚደፋውን ቆብ ነው፤ ፍችውም ብርሃንን ዝቅ የሚያደርግ እንደ ማለት ነው። የመብራቱ ጠባይ የሚወሰነው በዚህ ቆብ ነው። ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ የጨርቅ ቆብ ወደ ጣሪያ፣ ወደ ወለልና ወደ ጎን ስለሚያበራ ለጨዋታና ለቡና ሰዓት ተስማሚ ነው። ከላይ የተዘጋው ደግሞ ብርሃኑን ወደታች ስለሚሰበስብ ለንባብ ይመረጣል።

ስለ ቀለሙ ሲነገር የጁገልን የራምቦ ቤት ማስታወስ ይቻላል። በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራውና በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ይህ ባለ ፎቅ ቤት ባለ ቀለም መስታወት መስኮቶች አሉት። በመስኮት ላይ ይህ ውበት ነው። በመብራት ቆብ ላይ ግን ቀይ ወይም አረንጓዴ ጨርቅ ቢደረግ የእንግዳው ፊትና የቀረበው ምግብ መልኩን ይለውጣል። ነጭ፣ የክሬም መልክ ያለው ወይም ያልነጣ ሸማ የመሰለ ጨርቅ ከሁሉ ይሻላል። ለዚህም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በሐረር ከፈረስ መጋላ የሚነሣው ጠባብ የሰፊዎች መንገድ ከስፌት መኪናው ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» ይባላል። የተጎዳ ቆብ ሽቦው ደኅና ከሆነ ጨርቁን ልብስ ሰፊ ሊለውጠው ይችላል። በዚህ መንገድ አሮጌ መብራት በጥቂት ወጪ ለበዓል ይታደሳል።

እዚህ ላይ ስለ ሐረር ስፌት አንድ ቃል ማለት ይገባል። ባለቀለሙን ስፌት ገልብጦ የመብራት ቆብ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ይኖራል። ሐሳቡ የሚስብ ቢሆንም ሁለት ነገር ማወቅ ያሻል። በመጀመሪያ የሐረር ስፌት እጅግ ጥብቅ በመሆኑ ብርሃን አያሳልፍም፤ ከላይና ከታች ብቻ ይለቃል። ሁለተኛ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ስፌት አንድ ጊዜ ከተበሳ አይመለስም። ስለዚህ የቆየውን ስፌት በግድግዳው ላይ ትቶ መብራቱን በአጠገቡ ማቆም ይሻላል። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የስፌቱን ጌጥ ከጣሪያ ከሚመጣው ይበልጥ አጉልቶ ያሳየዋል። ለመብራት የሚሆን ስፌት የሚፈልግ ደግሞ ፈርጠም ፈርጠም ተደርጎ፣ ብርሃን እንዲያሳልፍ ሆኖ እንዲሰፋለት ለባለሙያዋ ይዘዝ።

የእጅ ጥበብ ከአዲስ መብራት ጋር ሲገናኝ እንደማይጠፋ ከጃፓን የሚገኝ ምሳሌ አለ። ቀራጺው ኢሳሙ ኖጉቺ እ.ኤ.አ. በ1951 ጊፉ የተባለችውን ከተማ ሲጎበኝ ከቀርከሃና ከቅሎ እንጆሪ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ልጥ በተሠራ ወረቀት የሚበጀውን ጥንታዊ ፋኖስ ተመለከተ። ጥንታዊውን ዕቃ ሳይቆርጥና ሳይበሳ፣ ከዚያው ከተማ ባለሙያዎች ጋር «አካሪ» የተባሉትን የኤሌክትሪክ መብራቶች ነደፈ። ከእነዚህም በወለል ላይ የሚቆሙ አሉ። የጊፉ ባለሙያዎች ዛሬም ይሠሯቸዋል። ለሐረር ሰፊዎችም ይህ መንገድ ክፍት ነው።

አምፖሉ

የቆየው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዛሬ በየሱቁ ያለው ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል በ8 ወይም በ9 ዋት የቀድሞውን የ60 ዋት ያህል ያበራል። ለዚህ ነጭ ብርሃን መንገድ የከፈቱት የሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ፈልሳፊዎች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በየምሽቱ ለአራት ሰዓት የሚበራ ባለ 60 ዋት አምፖል በ30 ቀን ከ7 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ሲፈጅ፣ ባለ 9 ዋቱ የሚፈጀው 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። የማይግል በመሆኑም ለጨርቅና ለሣር ቆብ እጅግ የተሻለ ነው።

ሲገዛ ግን በማሸጊያው ላይ በኬልቪን የተጻፈው ቁጥር ይታይ። ከ2700 እስከ 3000 የሚለው እንደ ፋኖስ ብርሃን ሞቅ ያለ ነው። 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ በሱቅና በቢሮ ቢያምርም በቤት ውስጥ የሰውን ፊት ያገረጣል፣ የቀዩን መደብና የስፌቱን ቀለም ያደበዝዛል። ለበዓል ምሽት የመጀመሪያው ይመረጥ። የአምፖሉ መያዣ የሚጠመዘዝ ወይም የሚሰካ መሆኑንም አስቀድሞ ማየት ከገበያ መመላለስ ያድናል።

ቀጤማና ገመድ

በበዓል ቀን የባለ እግር መብራት ትልቁ ጠላት ቀጤማው ነው። ገመዱ በቀጤማ ተሸፍኖ ሲያልፍ ቡና የያዘች ልጅ ትጠለፋለች፤ መብራቱም በምድጃው ላይ ይወድቃል። እርጥብ ቀጤማ በተላጠ ገመድ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ለኤሌክትሪክ አደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ መብራቱ በሶኬቱ አጠገብ ይቁም፤ ገመዱም ግድግዳውን ታክኮ ይሂድ እንጂ በቀጤማ፣ በምንጣፍ ወይም በፍራሽ ሥር አይቀበር። የቡናው ምድጃና የዕጣኑ ማጨሻ ከቆቡ ራቅ ብለው ይቀመጡ።

ከውጭ አገር ዘመድ የላከው መብራት ያለው ቤተሰብም ጥቂት ማስተዋል ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ቮልት ነው። ከዚያ የመጣ መብራት በባለሙያ ሳይታይ፣ አምፖሉ፣ ገመዱና መሰኪያው ሳይለወጥ አይሰካ። በተለይም ብርሃኑን ወደ ጣሪያ የሚረጨው፣ ጎድጓዳ ሳህን በመሰለ ራሱ ውስጥ ሃሎጅን አምፖል የያዘው ረጅም መብራት ጥንቃቄ ይሻል። የዚህ ዐይነቱ አምፖል ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። በእሳት አደጋ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ 40 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ መብራቶች መከላከያ ሽቦ እንዲገጠምላቸው ጥሪ ተደርጓል። መጋረጃ የሚነካው ከሆነ ከነጭራሹ ባይበራ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ

ኤሌክትሪክ በበዓል ምሽት ሊቋረጥ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። በዚያን ጊዜ በጨለማ ሻማ መፈለግ፣ አግኝቶም በቀጤማ ላይ ማቆም አደጋ ነው። ኃይል አጠራቅሞ የሚበራ ትንሽ መብራት ቀን ተሞልቶ በባለ እግሩ መብራት አጠገብ ቢቀመጥ፣ ወይም ራሱን የቻለ ባትሪ ያለው አምፖል በውስጡ ቢገጠም ጨዋታው አይቋረጥም። ሻማና ጧፍ የሚበራ ከሆነም ሰፊ እግር ባለው የብረት ወይም የሸክላ ማስቀመጫ ላይ፣ ከመጋረጃና ከሕፃናት እጅ ርቆ ይቁም። የጸሎት ጧፍ ሳይጠፋ ወደ መኝታ አይኬድ።

ወደ አያት ወንበር

ወደ ተነሣንበት ቤት እንመለስ። ልጆቹ ምክሩን ሰምተው ቀጥ ያለ የእንጨት እግር፣ የክሬም ጨርቅ ቆብና አንድ ባለ 9 ዋት አምፖል ያለው መብራት አመጡ እንበል። ከቴሌቪዥኑ ጎን ሳይሆን ከአያት ወንበር ኋላ በጥጉ አቆሙት። የጣሪያውንም አምፖል አጠፉ። የቡፌው መስታወት ብልጭልጭታ ቀነሰ። በምትኩ ግን በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ፊት ወጣ። እንኳን አደረሳችሁ ለማለት የመጣው ሙስሊም ጎረቤትም ሲገባ የሁሉንም ፊት በአንድ ጊዜ አየ። አያት ዳዊታቸውን ከፈቱ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልዘጉትም፣ አንብብልኝም አላሉም። ልጆቹ ዝም ብለው አደመጧቸው።

ውድ አንባብያን፣ ለዘንድሮው ልደት አዲስ መብራት የሚገዛ ይኖራል፤ መግዛት የማይችልም ይኖራል። ያለውን መብራት ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ማዛወር ግን ዋጋ አይጠይቅም። በዋዜማው ምሽት የቤቱን ታላቅ በየት እንደሚቀመጡ፣ ምን ማየት እንደሚያዳግታቸው ጠይቁ። መቅረዙንም እዚያ አቁሙት።

መልካም የልደት በዓል!